ባሌስትራው ወይስ አሞርዛተሩ? ለአሮጌ ላንድ ክሩዘር የእግር ዕቃ ንጽጽር

«ኋላው ተኝቷል፤ አሞርዛተር ቀይርልኝ።» ጋራዥ ደጃፍ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይመለስም። እኔም ብዬዋለሁ። አራት አዲስ አሞርዛተር ገዝቼ አስገጠምኩ፤ መኪናው እንደተኛ (ኋላው ዝቅ እንዳለ) ቀረ። አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው (ተደራርበው የታሰሩት የብረት ሳንቃዎች) ወይም ሞላው (ጥምዝምዙ ብረት) ነው፤ የአሞርዛተር ሥራ ባሌስትራው ተጭኖ ሲለቀቅ የሚመጣውን መወዛወዝ መግታት ነው። ስለዚህ የተኛ መኪና ባሌስትራ ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ የሚናጥ ደግሞ አሞርዛተር። አሮጌ መኪና ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ኪሳችን ግን ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ይህን የምጽፈው በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ገዢ ነው።

የማወራው ስለ ሦስት መኪኖች ነው። አንደኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 የጀመረው የ70 ቤተሰብ የቀድሞው ሃርድ ቶፕ፣ ማለትም 75 ሲሆን አራቱም እግሩ ባሌስትራ ነው። ሁለተኛው በዚያው አቆጣጠር በ1999 የመጣው 78 ነው፤ ፊቱ ወደ ሞላ ተቀይሮ ኋላው በባሌስትራ ቀርቷል። ሦስተኛው እንዲሁ በአውሮፓ በ1990 የወጣው 80 ነው፤ አራቱም ሞላ። የትኛው እንዳለዎት ማወቅ ከዚህ በታች ያለውን ምክር ግማሽ በግማሽ ይለውጠዋል።

አዲስ መኪና መግዛት ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ሆኗል። በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ያለውን ማደስ ግድ ነው። የዕቃውን ዋጋ በብር አልጽፍም፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን እናገራለሁ።

መጀመሪያ ሜትር፣ ከዚያ ሚዛን

ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙት። ከጎማው መሃል ቀጥ ብለው እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ክንፍ) ጠርዝ በሜትር ይለኩ፤ አራቱንም ይጻፉ። ግራና ቀኙ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ከዚያ ጎንበስ ብለው የባሌስትራውን ቅርጽ ይመልከቱ። ባዶ ሆኖ ሳለ ቀስቱ ከጠፋና ቀጥ ያለ ሳንቃ ከመሰለ ወይም ሆዱ ወደ ላይ ከተገለበጠ፣ የአሞርዛተር ነጋዴ የሚለውን አይስሙ።

ሚዛኑ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ግን ይዘለዋል። ሁለት 90 ሊትር ሰልባትዮ ያለው ሃርድ ቶፕ ሲሞላ ናፍጣው ብቻ ወደ 150 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚህ ላይ የብረት ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)፣ ሁለተኛ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)፣ ጀሪካኖችና የመሣሪያ ሳጥን ይደመራሉ። ከእነዚህ መካከል ከመኪናው የማይወርደው የትኛው ነው? ባሌስትራ የሚመረጠው ሁልጊዜ በሚሸከመው ክብደት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚጫነው እህል ተብሎ የተገዛ ጠንካራ ባሌስትራ የቀረውን ጊዜ መኪናውን ጋሪ ያደርገዋል።

ባሌስትራ፦ ማስመታት፣ ማስጨመር ወይስ አዲስ?

በጣም ርካሹ መንገድ ያለውን ባሌስትራ አስፈትቶ ማስመታት ነው። በእሳት አግሎ በመዶሻ ቀስቱን የሚመልስ ቤት በየከተማው አለ። ችግሩ መዶሻው ሳይሆን እሳቱ ነው። የባሌስትራ ብረት ምንጭነቱን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ግሎ፣ ተነክሮ፣ እንደገና በመጠኑ ሞቆ ነው። በምድጃ ግሎ አየር ላይ እንዲቀዘቅዝ ሲተው ያ ሁሉ ይጠፋል፤ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ቀና ይላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይተኛል። ሳያግሉ በማሽን ተጭነው የሚያጎብጡት ቤቶች ይሻላሉ፤ ብረቱ ግን ያው ያረጀው ብረት ነው። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ይህን ይመርጣል። ሌላው ባይሞክረው ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ማስጨመር ይመጣል፤ የእኔም ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። አንድ መካኒክ በነገረኝ መሠረት የኋላውን በየጎኑ ሁለት ሁለት ፍሬ (የባሌስትራ ሳንቃ) አስጨመርኩ። መኪናው ቀና አለ፤ ደስ አለኝ። ከጂንካ ወደ ቱርሚ ባዶውን ስነዳ ግን ኋላው እንደ ፍየል ይዘል ጀመር፤ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ሳለ መኪናው ጎኑን ይዞ ይሄዳል። ወርጄ ሳይ የግራው የኋላ ጎማ ከፓራፋንጎው መሃል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ምክንያቱን ያገኘነው ስንፈታው ነው፦ ድርድሩ (አንድ ላይ የታሰሩት ፍሬዎች) በሁለት ፍሬ ወፍሯል፤ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች ግን የድሮዎቹ ናቸው። ብሎኑ አጥሮ ዳዶው ጫፉ ላይ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይዞ ቆሟል እንጂ ድርድሩን ጨምድዶ አልያዘም። ባሌስትራዎቹን በመሃል የሚሰፋው ቀጭን ብሎን ብቻውን አክስሉን ሲይዝ ቆይቶ ተቆረጠ። ማስጨመር የግድ ከሆነ አንድ ፍሬ ብቻ፣ ያውም ከሥር፣ ረዘም ካሉ አዲስ የዩ ብሎኖች ጋር ይሁን። የተፈታውን የዩ ብሎን ደግሞ መልሶ አለማሰር ይሻላል፤ አንዴ ተወጥሮ የተሳበ ብረት ነው።

ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ድርድር ዋጋው መካከለኛ ነው። የሚገዛው ግን ታይቶ ነው። ጆሮ (ብሎን የሚገባበት የተጠቀለለ ጫፍ) ያለው ዋናው ባሌስትራ ጆሮው ሥር ስንጥቅ እንዳለው በጣት ዳስሰው፣ በብሩሽ ጠርገው ይዩ። የግራና የቀኙን ድርድር ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀስታቸው እኩል መሆኑን ያመሳክሩ። እኩል ካልሆኑ ዋጋው ቢቀንስም አይውሰዱ።

አዲስ ድርድር በሁለት ይከፈላል። ፋብሪካው መጀመሪያ ከገጠመው ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ለከተማና ለመጠነኛ ጭነት ይበቃል፤ ባዶም ሲሄድ ይለሰልሳል። እንደ አውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት ደግሞ በጭነት መጠን ተለይተው ይቀርባሉ፤ መኪናውንም አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጉታል። ከሁሉም ውድ ናቸው። ዋጋቸው የሚያዋጣው ግን ከላይ ባልኩት ሚዛን ላይ ለወጣ ሰው ብቻ ነው፤ ሳይመዝን «ከባዱን ስጠኝ» የሚል ገዢ ብዙ ከፍሎ እኔ ባስጨመርኩት ቀን የደረሰብኝን ይገዛል። ፓራቦሊክ የሚባለው፣ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድና ፍሬዎቹ የማይነካኩት፣ በጣም ይለሰልሳል፤ ግን ቢሰበር ገጠር ውስጥ ምትክ የለውም።

ሞላ ላለው

የሞላ ምርጫ አጭር ነው፤ ማስመታትም ማስጨመርም የለም። በሞላው ቀለበቶች መካከል ጎማ ወይም እንጨት የሚሰኩ አሉ፤ ያልተሰካበት ቀለበት ሸክሙን ብቻውን ስለሚወስድ ይሰበራል። የደከመ ሞላ በጥንድ ይቀየራል።

80ን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላ የሚገዛ ሰው ግን ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል። ፊቱ ሲነሣ አክስሉ በመጠኑ ይሽከረከራል፤ መሪው ከጥምዝ በኋላ በራሱ ወደ መሃል የመመለስ ልማዱን ያጣል። ይህን የሚያርሙ ልዩ ጎሚኒዎች (የመገጣጠሚያ ላስቲኮች) ይሸጣሉ፤ ከሞላው ጋር አብረው ካልተገዙ በአስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር መኪናው ይዋልላል።

አሞርዛተር፦ አራቱ ዓይነቶች

ርካሹ አዲስ አሞርዛተር እንደ ካያባና ቶኪኮ ያሉት የጃፓን ፋብሪካዎች የሚሠሩት ባለ ሁለት ቱቦ (አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ) ነው፤ በዘይት ብቻ ወይም በዝቅተኛ ግፊት ጋዝ። ለአዲስ አበባ ኮብልስቶንና ለአጭር ጉዞ ከበቂ በላይ ነው። የሚሸነፈው ለረጅም ሰዓት በሞገዳማ ጠጠር መንገድ ላይ ነው። ፒስተኑ ያለ ዕረፍት ሲመላለስ ዘይቱ ይግላል፤ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ምንም አይገታም። መኪናው ጠዋት ደህና ሄዶ ከሰዓት መንሳፈፍ ከጀመረ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ያው ሁለት ቱቦ ሆኖ ወፈር ያለ፣ ናይትሮጅን የተሞላና ከባሌስትራው ጋር ተጣጥሞ የተሠራ ነው፤ የኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀር የዚህ ወገን ነው። ናይትሮጅኑ ዘይቱን ተጭኖ ስለሚይዝ አረፋው ይዘገያል። ሦስተኛው የጀርመኑ ቢልስታይን የሚታወቅበት ባለ አንድ ቱቦ ነው። ጋዙና ዘይቱ በተንሸራታች ክዳን ተለይተዋል፤ ቱቦው በቀጥታ ነፋስ ስለሚነካው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለዳናኪል ሙቀት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ድክመቱም እዚያው ዳናኪል አለ። ፒስተኑ የሚመላለሰው በውጭው ግድግዳ ላይ ስለሆነ የኤርታ አሌ ስለታም ድንጋይ አንዴ ካጎደጎደው ፒስተኑ ይጣበቃል፤ አሞርዛተሩ አበቃለት። ባለ ሁለት ቱቦው በውጭ ቢጎደጉድም ሥራውን ይቀጥላል። አራተኛው ወፍራሙ ባለ ፎም ነው፤ እንደ አይረንማንና ታፍ ዶግ ያሉት የሚያቀርቡት። በጋዝ ፋንታ የፎም እጅጌ አለው፤ ዘይቱም ብዙ ነው። ሁልጊዜ ለተጫነ መኪና ጥሩ፣ ባዶ ለሚሄድ ደረቅ።

ቆጣሪው ላይ ሲደርሱ አሞርዛተሩን አቁመው እስከ መጨረሻው ይጫኑትና ይልቀቁት። ጋዝ ያለው በራሱ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ባለ አንድ ቱቦው በአንድ እጅ ለመጫን ያስቸግራል። «ጋዝ ነው» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ተጭኖ እዚያው ከቀረ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው። የሚመላለሰው ዘንግ እንደ መስታወት ማብራት አለበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ጎሚኒውን በልቶ ዘይት ያፈሳል። ከዱባይ በሻንጣ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ደግሞ ጋዝ የታጨቀበት ዕቃ ስለሆነ አየር መንገዱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ

እዚህ ላይ ባሌስትራና ሞላ ይለያያሉ። የባሌስትራ ፍሬዎች ሲታጠፉ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ያ ፍትጊያ ራሱ መወዛወዙን በጥቂቱ ይገታል። ስለዚህ 75 ያለው ሰው አዲስ ባሌስትራ ገጥሞ በደከመ አሞርዛተር ለጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል። በተቃራኒው አዲስ አሞርዛተር በተኛ ባሌስትራ ላይ ቢገጠም ሥራውን የሚጀምረው ታችኛው ጫፍ ላይ ሆኖ ነው፤ ትልቅ ጉድጓድ ሲመጣ የሚሄድበት ቦታ አጥቶ ይመታል። ለባሌስትራ መኪና ባሌስትራው ይቅደም። ሞላ ግን አይፋተግም። 80 አሞርዛተር ከሌለው እንደ ኳስ ነው፤ ሞላው ካልተሰበረ አሞርዛተሩ ይቅደም። 78 ያለው ሰው ከኋላ ባሌስትራው ይጀምር።

ለአስጎብኚ ሃርድ ቶፕ በክብደቱ ልክ የተመረጠ የውጭ ባሌስትራና ናይትሮጅን ያለው ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር እመርጣለሁ፤ ድንጋዩ ያሳስበኛል። ለከተማ መኪና ፋብሪካው መጀመሪያ በገጠመው ዓይነት ባሌስትራና በካያባ እረካለሁ። ቢልስታይንን የምገዛው ረጅም የጠጠር መንገድ በፍጥነት ለሚሄድና ላቫ ለማይወጣ ሰው ነው።

የትኛውም ቢገዛ ጎሚኒዎቹን አብሮ መግዛት ነው። ሲገጠሙም የሻክሉ (የባሌስትራውን ጫፍ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ማያያዣ) እና የጆሮው ብሎኖች መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ እንዲላሉ ይተዉ፤ ጎማው መሬት ነክቶ መኪናው ክብደቱን ከጣለ በኋላ ይጥበቁ። ተንጠልጥሎ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ኋላው ከፍ ካለ ደግሞ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘውን የኋላ ፍሬን ግፊት መመጠኛ ያስታውሱ። ከፍታውን ሲያይ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ ለኋላ ጎማዎች የሚልከውን የፍሬን ግፊት ይቀንሳል። ማስተካከያው ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ነገር ግን ካልጠየቁ የሚያስታውስ መካኒክ ጥቂት ነው። የዩ ብሎኖቹ ዳዶ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ ስላለበት፣ ለዚያ ሌላ ክፍያ እንደማይጠየቅ ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ይስማሙ።