«ንኪው፣ ገና እርጥብ ነው»

ይህን የምጽፈው ጥፍሬ ውስጥ ግራሶ እንደገባ ነው። የቤዝመንቱ ወለልም ገና አልደረቀም። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ አፌን ባልጠብቅ ይቅር በሉኝ።

ትናንት 480 ዶላር ተበላሁ። በካሽ። ራሴ ቆጥሬ፣ ራሴ አስረክቤ፣ በዚያ ላይ «አመሰግናለሁ» ብዬ።

ነገሩ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። የምታውቁኝ ሳቁ፤ ወንድሜም ሲስቅብኝ ነው ያመሸው። ግን በዚህ ነገር የተለከፍኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን ቤት ቤዝመንት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። ሁሉም የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ከዚያ የሰባ ዓመት ማሽን ክዳኑ ተከፍቶ ይለቀቅና አረፋው ሲገለባበጥ ቁጭ ብለን እናያለን። የአሜሪካኖቹ አፍቃሪዎች «ዎሽ ኢን» ይሉታል። እኛ ስም አላወጣንለትም። የትዳር ጓደኞቻችን ግን አውጥተውልናል፤ እዚህ አይጻፍም።

እና የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙንም ሱቁንም አልጠራም፤ ግን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ የእህል ጎተራ የሚያህል ቤት አለው። በሩ ላይ የዛገ ብስክሌት ተሰቅሏል። ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ «የአያቴ ነበር» ነው፤ ስንት አያት እንዳለው እግዜር ይወቀው። ስትደውሉለት «ከቨርጂኒያ አንድ ሰው እየመጣ ነው፣ ግን ቅድሚያ ላንቺ» ይላል። ስትደርሱ የቨርጂኒያው ሰው የለም። በካርድ ልክፈል ስትሉ የካርዱ ማሽን ተበላሽቷል። በካሽ ከሆነ ግን ሃያ ዶላር ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ። ስንቱን ሰው መክሬያለሁ!

የገዛሁት ሜይታግ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ነው፣ ሞዴል ኢ። አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ገንዳ፣ አራት እግር፣ ከላይ ልብስ የሚጨምቁ ሁለት የጎማ ሮለሮች። አሜሪካ እንደመጣሁ ሜሪላንድ፣ ዊተን ውስጥ የተከራየሁት ቤዝመንት ጥግ ላይ አንዱ ቆሞ ነበር። አከራዬ አሮጊት ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ያጥቡበታል፣ አዲሱ አውቶማቲክ አጠገቡ ተገትሮ እያለ።

እኛ ቤት ጋቢ ሲታጠብ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እናቴ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን እንይዝና እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ እንጠመዝዛለን። አንዴ ጫፉ አምልጦኝ ከነሳፋው ልትገለበጥ ነበር። እንግዲህ አከራዬ ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ በሁለቱ ሮለሮች መሀል ሲያስገቡት፣ በወዲያ በኩል እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ሲወጣ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የተጨመቀው ውሃ ደግሞ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ከሆነ ቁልፎቹን ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው፣ አለዚያ እንደ ቆሎ ይፈነጥራሉ። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተለከፍኩት ያኔ ነው።

«ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ የሚሠራ፣ 500 ዶላር» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይ ታዲያ ምን ልሁን? ወንድሜን ከነፒክአፑ ቀሰቀስኩና አውራ ጎዳና 270ን ይዘን ወደ ሰሜን ነጎድን። ፔንስልቬንያ ልንገባ ምንም አልቀረንም።

ሰውየው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ሁለት ጊዜ ዋሸኝ። አንደኛ፣ «የ1932 ነው» አለ። ሞዴል ኢ የወጣው በ1939 ነው። ይህን የስድስት ዓመቷ ልጄ እንኳ ታውቃለች፤ እያወራሁ ስለማላስተኛት። ሁለተኛ፣ «ጎማውንም ማርሹንም ከፋብሪካው በቀጥታ አስመጥተን ነው የቀየርነው» አለ። ከየትኛው ፋብሪካ? ዊርፑል የሚባለው ተፎካካሪ ኩባንያ ሜይታግን በ2006 ገዛው፤ አዮዋ፣ ኒውተን የነበረው ፋብሪካ በ2007 ተዘጋ። ባለ ሮለሩን ማሽን መሥራትማ ያቆሙት በ1983 ነው። ሁለቱንም ውሸት ሰምቼ ምን አልኩ? ምንም። ፈገግ አልኩ። በሆዴ «ምስኪን፣ የያዘውን ዕቃ አያውቀውም፤ በርካሽ ልወስድበት ነው» አልኩ። እኔ ብልጥ፣ እሱ ሞኝ!

አሁን የምነግራችሁን ሌሊቱን ሙሉ ስደጋግመው ነው ያደርኩት።

ከቤት ስወጣ ፎጣ አርጥቤ በፌስታል ይዤ ነበር። ሁሌም የምለው ነገር ነው፤ ማሽን በደረቁ አይፈተንም። በደረቁማ ሁሉም ይዘፍናል። ሰውየው ስፒናውን ሰካ፣ ማርሹን አስገባ። መሀል ላይ ያለው ባለ ክንፉ አጂቴተር ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ምንም መንቋቋት የለውም። የዚህን ያህል ዓመት ብረት እንደዚያ ዝም ማለት እንደሌለበት አሁን ነው የገባኝ። ያኔ ግን ልቤ ቅልጥ አለ።

«ውሃ እንጨምርበት» አልኩ።

«እዚህ የውሃ መስመር የለም። ኢንሹራንሱም አይፈቅድም።»

እሺ። ፌስታሌን ፈታሁ። «እንግዲያው ይቺን ፎጣ በሮለሩ እናሳልፋት።»

ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለበትም፣ የአባት ሳቅ ነው። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «ሃኒ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ዙር ልብስ አጥበንበታል። ንኪው፣ ገና እርጥብ ነው» አለኝ።

ነካሁት። እውነትም እርጥብ ነው። የላይኛው ሮለር ቀዝቀዝ ብሏል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጣቴን አየሁት። ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ገንዳውን አየሁ። ገንዳው ውስጥ አቧራ ነበር። ስስ፣ ግራጫ አቧራ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት የደረቀች ዝንብ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ዙር ልብስ ታጠበበት የተባለው ገንዳ ውስጥ! ዓይኔ አይቷል፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ያየሁትን ግን አልሰማሁትም። ይባስ ብሎ አፈርኩ። ሰውየውን እንደ ሌባ የቆጠርኩት መስሎ ተሰማኝና አፈርኩ! ፎጣዬን ወደ ፌስታሌ መለስኩ። ይሉኝታ ቤት ያፈርሳል ሲሉ እሰማ ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ ሃያ አራት ባለ ሃያ ኖት ቆጠርኩለት።

ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ «እታለም፣ ውሃ ሳናስነካው?» ብሎኝ ነበር። መካኒክ ነው። «አንተ መኪናህን እወቅ» አልኩት።

ማታ ቤዝመንት አውርደን ገንዳውን በሙቅ ውሃ ሞላነው። ሳሙና ጨመርኩ። ለመጀመሪያ ቀን ብዬ ነጭ አንሶላ ከተትኩ። ልጄ በርጩማ ላይ ቆማ ታያለች። ስልኬን አስተካክዬ ቪዲዮ መቅረጽ ሁሉ ጀምሬያለሁ። ማርሹን አስገባሁ። አጂቴተሩ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ። አምስተኛው ላይ «ቋ!» አለ። ቆመ። ሞተሩ ብቻ እያጓራ ቀረ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወንድሜ ዘሎ ስፒናውን ነቀለ። ዝም ባለው ቤት ውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማን። ከማሽኑ ሥር ማኪያቶ እየፈሰሰ ነበር። ሌላ ስም የለውም፤ ቀለሙም ውፍረቱም ማኪያቶ ነው። የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በምሰሶው ዙሪያ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃ ወደ ታች፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ይወርዳል፤ ከዘይቱ ጋር ሲመታ እንዲህ ይሆናል። ይህ ደግሞ ያንድ ቀን ሥራ አይደለም። ስንት ዓመት ውሃ ሲጠጣ የኖረ ሳጥን ነው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከሮለሮቹ በላይ የድንገት መልቀቂያው አለ፤ መታ ሲያደርጉት ሮለሮቹ ይላቀቃሉ። ጣት፣ ፀጉር ወይም የነጠላ ጫፍ ከተያዘ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። ልሞክረው ብዬ መታሁት። አልተነቃነቀም። መብራት አምጥተን ስናይ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ማሽኑን እንዲመስል ብርማ ቀለም ተቀብቷል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ሽቦ ቀለም ቀብቷል! ልጄን ወደ ላይ አባረርኳት። እስካሁን እጄን የሚያንቀጠቅጠኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው።

ዛሬ እሑድ ቤተክርስቲያን ትቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ስገባ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ሌላ ባለ ሮለር ማሽን አጠገብ ቆሟል። ሥሩ ባልዲ። እጁ ላይ ስፖንጅ። ሮለሩን እያረጠበው ነው። ቀና ብሎ አየኝ። አወቀኝ። ስፖንጁን ይደብቃል ብዬ ጠበቅኩ። መልሶ ባልዲው ውስጥ ነከረና ሥራውን ቀጠለ።

ባለቤቱ ጠረጴዛው ጋ ሳንድዊች እየበላ ነበር። ቪዲዮውን አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አየው፣ እያላመጠ። «ማስታወቂያህ የሚሠራ ይላል» አልኩት።

«ሠርቷል። አብርቼ አላሳየሁሽም?»

«አምስት ጊዜ እንኳ ሳይዞር ቆመ።»

አፉን ጠረገ። «ሃኒ፣ ይሄ እኮ ጥንታዊ ዕቃ ነው። ሰው አበባ ይተክልበታል። በረዶና ቢራ ይሞላበታል። የምርሽን ልብስ ልታጥቢበት ነበር?» አለና ወደ ልጁ ዞሮ «ልታጥብበት ነበር እኮ!» አለው። ልጁ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ። የደረሰኙን ጀርባ ገልብጦ አሳየኝ። ጉንዳን በሚያህል ፊደል «ባለበት ሁኔታ የተሸጠ፣ የማይመለስ» ይላል። ትናንት ያንን ደረሰኝ አጣጥፌ ቦርሳዬ ስከት ፊቱን እንኳ አላነበብኩትም፣ እንኳን ጀርባውን።

ስወጣ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ያንን ስፖንጅ የነካውን ማሽን እየዞሩ ያያሉ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ተጠግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሮለሩን፣ ማርሹን፣ ሽቦውን። ሴትየዋ እጄን ያዝ አደረጉኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኛ ለአበባ ነው የፈለግነው» አሉኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

ከሰዓት ወንድሜ የማርሽ ሳጥኑን ፈታው። የዘይት ቦታ ላይ እፍኝ እፍኝ የሚያህል ወፍራም ግራሶ ታጭቆበታል። ያ «ለስላሳ ድምፅ» ይሄ ነበር። ማርሹ ሲንቋቋ እንዳይሰማ አፍ አፉን አፍነውታል። ከግራሶው ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ጥርሱ የረገፈ ማርሽ። ወንድሜ ጣቱን ከትቶ አወጣና «እታለም፣ ይሄ ማርሽ ነው ወይስ ሽሮ?» አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱለት ነበር?

እንግዲህ ለምትገዙ፦ ውሃ የማይነካበት ቦታ አትግዙ። ውሃ የለም ካሏችሁ በጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ በባትሪ እዩ፣ መልቀቂያውን በእጃችሁ ምቱት፣ ካሽ አትክፈሉ። ሮለሩን ተዉትና ገንዳውን እዩ። ይኸው ነው። ይህን ሁሉ አውቄው ነው እንግዲህ የተበላሁት።

ማሽኑ አሁንም ቤዝመንት ተበታትኖ ተቀምጧል። አንሶላው ማኪያቶ ጠጥቶ ተጥሏል። የሞዴል ኢ የማርሽ ሳጥን፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ያለው ወይም ያለበትን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ወንድሜ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ካልተገኘም ግድ የለም፣ ይቆይ። አበባ ግን አልተክልበትም።