ትንሽ አውሮፕላን፣ ትልቅ ሻንጣ፦ የትኛው ቲኬት ያዋጣል?

ሁለት ቲኬቶች ጎን ለጎን ሲቀርቡልን ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። በትልልቅ አየር መንገዶች ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ለሻንጣ የሚፈቅዱት ኪሎ ተቀራራቢ ነው። ወደ ትናንሽ ከተሞችና ደሴቶች በሚበሩ አነስተኛ አየር መንገዶች ግን በርካሹ ቲኬት ያተረፉት ገንዘብ ሚዛኑ ፊት ሲቆሙ ሊያልቅ ይችላል። እዚያ ሕጉን ከድርጅቱ ይልቅ የሚወስነው አውሮፕላኑ የሚችለው ጭነት ነው። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት «በምን ዓይነት አውሮፕላን ነው የምሄደው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ቲኬት በሚቆርጡበት ገጽ፣ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል።

ባለ 19 መቀመጫ ወይስ ባለ 70?

ትዊን ኦተር የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ቢበዛ 19 መንገደኛ ይጭናል፤ ሴስና ካራቫን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በእነዚህ ላይ የሻንጣው ክብደት ከነዳጁና ከተሳፋሪው ጋር ተደምሮ ይሰላል። ዕቃው ከፊት ወይም ከኋላ መቀመጡ ራሱ የአውሮፕላኑን ሚዛን ይነካል። አንዳንድ ድርጅቶች መንገደኛውንም ከነቦርሳው ይመዝናሉ፤ ቅር ሊሰኙበት አይገባም፣ ለደኅንነት ሲባል የሚደረግ ነው። የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ 15 ኪሎ አካባቢ ሲሆን የእጅ ቦርሳውም እዚያው ውስጥ የሚቆጠርበት አጋጣሚ አለ። በማልዲቭስ የባሕር አውሮፕላኖች የተለመደው 20 ኪሎ ሻንጣና 5 ኪሎ የእጅ ቦርሳ ነው፤ ወደ ኔፓሏ ሉክላ በሚበሩት ደግሞ 10 እና 5 ኪሎ።

ኤቲአር 72 እና ዳሽ 8-400 ሌላ ነገር ናቸው። 70 ገደማና ከዚያ በላይ ሰው ስለሚጭኑ ባለ 20 ወይም ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ አያስጨንቃቸውም። ችግሩ ካቢኑ ውስጥ ነው፤ ከመቀመጫ በላይ ያለው መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ በትልቁ አውሮፕላን ያለ ጥያቄ ያለፈው ባለ ጎማ የእጅ ሻንጣ እዚህ አይገባም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ትርፍ ኪሎ ሲኖር ነው። በኤቲአር አብዛኛውን ጊዜ ከፍለው ያልፋሉ። በካራቫን ግን ገንዘብ ስለያዙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ ማረፊያውም ከፍታ ላይ ከሆነ፣ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ይዞ መነሳት የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ያኔ እርስዎ ሄደው ሻንጣዎ በሚቀጥለው በረራ ይከተላል። መድኃኒት፣ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ይያዙ የሚባለው ለዚህ ነው።

የሻንጣው ዓይነትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የካራቫን ዕቃ በብዛት የሚገባው ከሆዱ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠንካራ ባለ ጎማ ሻንጣ አንቀበልም የሚሉ አሉ። ቢቀበሉት እንኳ ባዶው ሦስት አራት ኪሎ ይመዝናል፤ ከ15 ኪሎ ላይ ይህን ያህል ለሻንጣው ለራሱ መስጠት ብክነት ነው። በእኔ እምነት ከ20 መቀመጫ በታች ለሆነ በረራ ከለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ሌላ መያዝ አያዋጣም።

በኪሎ ወይስ በቁጥር?

ቲኬትዎ ላይ «30 ኬ» ካለ አሠራሩ በኪሎ ነው፤ 30ውን ኪሎ በአንድም በሁለትም ሻንጣ ከፋፍለው መያዝ ይችላሉ። «2 ፒሲ» ካለ የሚቆጠረው የሻንጣ ብዛት ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ አለው፤ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሲደመር ደግሞ 158 ሴንቲ ሜትር። አንዱ ሻንጣ 26፣ ሌላው 10 ኪሎ ቢሆን ድምሩ ከ46 በታች ነው ብሎ መከራከር አያስኬድም፤ 26 ኪሎው ያስከፍላል። «0 ፒሲ» ማለት ለሚጫን ሻንጣ ምንም አልተፈቀደም ማለት ነው፤ በጣም ርካሽ የሆኑት ቲኬቶች በብዛት እንዲህ ናቸው።

መጽሐፍ ወይም መሣሪያ ለሚይዝ ሰው የኪሎው አሠራር ይመቸዋል። በአንድ ቲኬት የሚጓዝ ቤተሰብም በኪሎ ቢሆን ይሻለዋል፤ ብዙ አየር መንገዶች የሁሉንም ኪሎ ደምረው ይመዝኑላቸዋልና። ቀላል ግን ብዙ ቦታ የሚይዝ ነገር ላለው፣ ለብርድ ልብስ ለምሳሌ፣ የቁጥሩ ይሻላል። በሁለቱም ቢሆን አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዳያልፍ በስፋት ይሠራበታል፤ ምክንያቱም የሚያነሳው ሰው ነው፣ ወገቡ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ቲኬት ወይስ ሁለት ለየብቻ?

ገንዘብ የሚባክነው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ረጅሙን በረራ ከአንድ፣ አጭሩን ከሌላ ድርጅት ለየብቻ ሲቆርጡ ድምሩ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቲኬት የራሱን ሕግ ይከተላል። በመጀመሪያው 30 ኪሎ ይዘው የመጡ መንገደኛ ሁለተኛው 15 ብቻ ካለ ለተቀረው 15 ኪሎ ይከፍላሉ፤ ሲመለሱም እንደገና። ሻንጣውንም መሃል ላይ ራሳቸው ተቀብለው እንደገና ያስመዝናሉ። መጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ሁለተኛው ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

በአንድ ቲኬት ከተቆረጠ ግን ለጠቅላላው መንገድ የአንዱ አየር መንገድ ሕግ እንዲሠራ ድርጅቶቹ የተስማሙበት አሠራር አለ። ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም ወደዚያ ለሚሄድ ቲኬትማ በጉዞው መነሻ የሠራው የሻንጣ ሕግ እስከ መጨረሻው እንዲጸና የአገሪቱ ደንብ ያዛል። ያም ሆኖ በእያንዳንዱ በረራ አንጻር የተጻፈውን ኪሎ ለየብቻ ያንብቡ፤ የመጨረሻው አጭር በረራ ላይ ቁጥሩ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ሁለት ቲኬት መቁረጥ ግድ ከሆነ ትርፉን ኪሎ ቀድመው በድረ ገጽ ይግዙ፤ ኤርፖርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል።

በር ላይ የሚወሰደው የእጅ ሻንጣ

መደርደሪያው አልበቃ ብሎ ሠራተኞቹ የእጅ ሻንጣዎን ከአውሮፕላኑ ሥር ሊጭኑት ሲቀበሉዎት ክፍያ ላይኖረው ይችላል፤ ግን ከመስጠትዎ በፊት ፓወር ባንኩን ያውጡ። ፓወር ባንክም ሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከታች መጫን ክልክል ነው፤ እሳት ቢነሳ ካቢን ውስጥ ሰው አይቶ ያጠፋዋል፣ ከታች ግን የሚያይ የለም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በእጅ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ አይቻልም። የእርስዎ 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ከሆነ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት-ሰዓት ነው፣ ያልፋል። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ላፕቶፕም አብረው ይውጡ።

ሻንጣው ቢጎዳ ወይም ቢዘገይ

በዓለም አቀፍ በረራ፣ የ1999ኙን የሞንትሪያል ስምምነት በተቀበሉ አገሮች መካከል፣ ለሻንጣ የሚከፈለው ካሳ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው። በአገር ውስጥ ብቻ የሚደረግ በረራ ግን በአገሩ ሕግ ይዳኛል፤ ትንሹን አየር መንገድ በተለየ ቲኬት ከያዙ ጉዳይዎ እዚያ ሊወድቅ ይችላል። በስምምነቱ መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው ከተረከቡበት ቀን አንስቶ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ከኤርፖርቱ ሳይወጡ የጉዳት ፎርም አስሞልተው ቅጂውንና ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይያዙ።