ፈሪዎች የሚገቡበት ባሕር፦ የሦስት ቀን የስኖርክል ሥልጠና ሲገመገም

መዋኘት እየቻለ ባሕር የሚፈራ ሰው አለ ሲባል ብዙዎች ይስቃሉ። እኔ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ። በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ችግር እዋኛለሁ፤ ውቅያኖስ ውስጥ ግን ውኃው ከጉልበቴ አልፎ እግሬን ማየት ሲያቅተኝ፣ የነካኝን ሁሉ ነካሽ አድርጌ እቆጥርና ወደ ዳር እሮጣለሁ። ስለዚህ ውኃውን ሳይሆን በውኃው ውስጥ የሚኖረውን ፍጡር ለሚፈሩ ሰዎች የተዘጋጀ የሦስት ቀን የስኖርክል፣ ማለትም ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ እየተነፈሱ የመዋኘት፣ ሥልጠና መኖሩን ስሰማ ተመዘገብኩ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምገመግመው አሠራሩን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሦስቱ ሁሉ የተሻለው ነበር፤ የሚገርመው ደግሞ በዚያን ቀን ማንም አልዋኘም። አሠልጣኟ ወገባችን ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ አቁማን ማስኩን፣ ማለትም ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍነውን ባለ መስታወት ጭንብል፣ አድርገን ፊታችንን ብቻ እንድንነክር አደረገችን። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ውኃው ሰማዩን የሚያንጸባርቅ መስታወት ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነገር ሁሉ ለግምት ይተዋል፤ ግምት ደግሞ በእኔ ራስ ውስጥ ሁልጊዜ ጥርስ አለው። ፊቴን ስነክር ለዓመታት እግሬን ሲዳብስ ያስደነግጠኝ የነበረው ነገር የባሕር ሣር ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ቀጥላም የገዛ እጃችንን በማስኩ አሻግረን እንድናይ አዘዘችን። ብርሃን ከውኃ ወደ ማስኩ አየር ሲሻገር ስለሚሰበር፣ በጠፍጣፋ መስታወት የሚታይ ነገር አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ፣ ካለበትም ርቀት አንድ አራተኛ ያህል ቀርቦ ይታያል። እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የመጣውን ዓሣ ሁሉ በልቤ አሳንሼና አርቄ ማየት ለመድኩ፤ ይህ አንድ ስሌት ብቻውን «አይዞህ» ከሚል ስብከት ሁሉ በልጦ ጠቅሞኛል።

በዚያው ቀን የአረማመድ ትምህርትም ተሰጠን። ስቲንግሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፤ በጅራቱ ላይ ባለው መርዛማ እሾህ ሰውን የሚወጋውም በአብዛኛው ሲረገጥ ነው። ስለዚህ እግርን ሳያነሡ አሸዋውን እየገፉ መጎተት ያስፈልጋል፤ ንዝረቱ ሲደርሰው ቀድሞ ተነሥቶ ይሄዳል። እሾሁ የወጋው ሰው የተወጋውን እግር ቆዳን በማያቃጥል፣ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ቢነክር ሕመሙ እንደሚታገሥለት፣ ሙቀቱንም አስቀድሞ ባልተጎዳው እግር መፈተን እንዳለበት፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደሚገባው በግልጽ ተነገረን። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የተሰጠን የውኃ ጫማ «ከማንኛውም እሾህ ይከላከላል» ተብሎልናል። ጫማው ከሹል ድንጋይና ከኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ስብርባሪ በሚገባ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሶሉ ስስ ስለሆነ የባሕር ጃርት እሾህ ሊያልፍበት ይችላል፣ የስቲንግሬይና ስቶንፊሽ የተባለው ድንጋይ መሳይ መርዛማ ዓሣ እሾህማ ከዚህ ወፍራም የሆነውንም ይበሳል። ፈሪን በሐሰት ማጽናናት ውሎ አድሮ ፍርሃቱን ያብሰዋል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ኮራሉ ሄድን፤ የጊዜው ግማሽ የዋለው በአተነፋፈስ ላይ ነበር። ይህን መጀመሪያ እንደ ጊዜ ማባከን ቆጥሬው ነበር። በስኖርክሉ ቱቦ ውስጥ የሚቀር የተተነፈሰ አየር ስላለ፣ በፍርሃት ቶሎ ቶሎና በአጭሩ የሚተነፍስ ሰው ያንኑ አየር መልሶ ይስባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማችም የመታፈን ስሜት ይመጣል። ያንን መታፈን እኔ ሁልጊዜ በአጠገቤ ባለፈው ዓሣ ላይ አሳብብ ነበር። አየሩን ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው ማስወጣት ስጀምር ዓሣዎቹም አብረውኝ የተረጋጉ መሰለኝ።

ከድንጋይ ስንጥቅ ራሱን አውጥቶ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ሞሬይ ኢል የተባለ እባብ መሳይ ዓሣ ስናይ አሠልጣኟ አስቀድማ ያስተማረችን ነገር ጠቀመኝ፦ እንዲህ የሚያደርገው ለመናከስ ሲዝት ሳይሆን በስንጥቡ በኩል ውኃ እያሳለፈ ሲተነፍስ ነው። እጅን ወደ ጉድጓዱ አለማስገባት ግን የማይሻር ሕግ ነው። ከዚያ አንድ የመፍጨት ድምፅ ሰማሁና ዙሪያዬን ባይም ምንጩን ማግኘት አልቻልኩም። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። ድምፁ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ የሚበላ ፓሮትፊሽ የተባለ ዓሣ ነበር። በመጨረሻም ከጣቴ ብዙም የማይረዝም ዳምሰልፊሽ የተባለ ዓሣ፣ ለምግቡ የሚጠብቀውን የአልጌ (የውኃ ውስጥ ዕፅዋት መሰል ነገር) ቦታ ስለደፈርኩበት ቁርጭምጭሚቴን ነከሰኝ። ለዓመታት የፈራሁት ንክሻ ይኸው ነበር፤ በማስኬ ውስጥ ስስቅ ውኃ ገባብኝ።

ስለ ሻርክ የተሰጠው ገለጻ አጭርና ትክክለኛ ነበር፦ በዓለም ዙሪያ ሰው ሳይተነኩሳቸው የሚያደርሱት ንክሻ በአብዛኛዎቹ ዓመታት ከ100 በታች ነው። ቁጥር ግን ደረት ውስጥ ያለውን ትርታ አያቆምም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ብዙም አለመቆየታቸውን እደግፋለሁ።

ሦስተኛው ቀን አሳዘነኝ። አንድ ረዳት ዓሣዎቹን ለመሰብሰብ ዳቦ መበተን ጀመረ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዓሣ ሰውን እያሳደደ ይከብባል፤ ይህ ደግሞ በሁለት ቀን ያገኘነውን መረጋጋት በአንድ ደቂቃ የሚያፈርስ ነው፣ ለዓሣዎቹም ሆነ ለኮራሉ አይበጅም። ይኸው ረዳት የሾጣጣ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አንሥቶ ሊያስጨብጠን ሲል አሠልጣኟ ፈጥና ከለከለችው። በሕይወት ያለ ከሆነ ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ ሰው የሚገድል መርዝ አላቸውና ልክ ነበረች። ጄሊፊሽ ለተባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ ንድፊያም ኮምጣጤ ለሁሉም ዓይነት እንደሚሠራ ነገረን፤ ኮምጣጤ ለቦክስ ጄሊፊሽ የሚመከር ቢሆንም ለሌሎች ዝርያዎች ሁልጊዜ አይመከርም። ንድፊያን ቀድሞ የሚከላከለው ሰውነትን የሚሸፍን ስስ የዋና ልብስ ነበር፤ እሱን ግን ያቀረቡት ለጠየቀ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ብልም ሥልጠናውን ዋና ለሚችልና ፍጡራኑን ብቻ ለሚፈራ ሰው እመክራለሁ። ዋና የማይችል ሰው ግን መጀመሪያ ዋናውን ቢማር ይሻለዋል፤ ሁለቱን ፍርሃቶች በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። የሚመዘገብ ሰው በሦስተኛውም ቀን ያው አሠልጣኝ አብራ መሆኗን፣ ለዓሣዎቹ ምግብ የማይበተን መሆኑንም አስቀድሞ ይጠይቅ። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ለዓይኑ የሚስማማ ሌንስ ያለው ማስክ መኖሩን ያረጋግጥ። እኔ ሩቅ ስለማይታየኝ በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥላ ነበር፤ በማግስቱ ሌንስ ያለው ማስክ ሲያገኙልኝ ከጥላዎቹ አብዛኞቹ ድንጋይ ሆኑ።