ለአጥቢያችን የዕርቅ ሽማግሌዎች ምስጋና፤ ክስ ለመክፈት ለተዘጋጃችሁም ጥቆማ

የአጥቢያችን የዕርቅ ሽማግሌዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ይህን የምንጽፈው በሕግ ሙያ ላይ ያለን የአጥቢያዋ ምእመናን ነን። ብዙ ሽምግልና በእንባና በመተቃቀፍ ያልቅና ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል፤ "በቅርቡ ይከፍላል" ተብሎ ስለታለፈ። ከእነዚህ አባቶችና እናቶች እጅ የሚወጣው ሰነድ ግን ችሎት ፊት ቢቀርብም አያሳፍርም።

የሚከተሉት የማቴዎስ 18ን ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ "ለብቻችሁ ተነጋግራችኋል?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ካልሆነ መልሰው ይልኳችኋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ ይመርጣል፣ ሦስተኛው በስምምነት ይሰየማል። ዘመድ ወይም ዋስ የሆነ ሰው አይቀመጥም። ፊት ለፊት የሚያገናኙት ሁለቱንም ለየብቻ ሰምተው ሲያበቁ ነው። ከሁሉም የምናደንቅላቸው "ለእግዚአብሔር ብለህ ተው" የምትባለዋን አቋራጭ አለመውደዳቸውን ነው፤ ይቅርታው ለብቻ፣ ዕዳው ለብቻ ይታያል።

ሰነዱ ላይ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የየክፍያው ቀን፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ፣ አንድ ክፍያ ቢያልፍ የሚከተለው ነገር ይሰፍራል። ባለጉዳዮቹና ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። ጉዳዩ ቤት የሚነካ ከሆነ ውልና ማስረጃ ይወስዷችኋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚያዘው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 አለና። ክስ ተከፍቶ ከሆነም አልረፈደም፤ ስምምነቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ መሠረት ለችሎቱ ቀርቦ ይመዘገባል።

ከእኛ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሽምግልና ተቀምጠናል ብላችሁ በይርጋ (ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ገደብ) ጉዳይ እንዳትዘናጉ። ተበዳሪ ዕዳውን ካመነ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1851 መሠረት ይርጋው ይቋረጣል፣ ማለትም ጊዜው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል፤ ስለዚህ ማመኑን በጽሑፍ፣ በፊርማው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ያዙ።

ሁሉም ጉዳይ የእነሱ አይደለም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ድብደባ ካለ መጀመሪያ ሐኪምና ፖሊስ ነው፤ እነሱም "እስቲ ታገሺ" አይሉም። ሌላኛው ወገን ተጠርቶ እምቢ ካለም ምእመን ምእመንን መክሰሱን የሚነቅፈውን 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን እንደ ዱላ አያነሱባችሁም፣ ወደ ፍርድ ቤት ያሰናብቷችኋል።

አገልግሎቱ በነጻ ነው። ስትሄዱ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትንም አትማችሁ ያዙ። ተከራካሪያችሁ የሌላ አጥቢያ አባል ከሆነ ከዚያም ሽማግሌ መምረጥ ይችላል።