ለጥምቀት ያደረሰኝ ልጅ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ጥምቀት ሲቃረብ እኔ እንቅልፍ የለኝም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ የተረተው ሰው ለሰፊዋ አላሰበላትም።

ዘንድሮ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው የዚግዛግ ማሽኔ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። ስናስከፍታት የፕላስቲክ ጊሯ አንድ ጥርስ ወልቋል። ከጠርሙስ ክዳን የማትበልጥ ነገር! አንዱ ጠጋኝ «አሮጌ ናት፣ ዕቃዋ አይገኝም፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። ሌላው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ እንድፈልግ መከረኝ። 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ ባላገኘውስ?

አንዲት ደንበኛዬ ናት ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ዕቃ በሞልድ፣ ማለትም በቅርጽ ማውጫ፣ እያወጣ የሚያባዛ ልጅ እንዳለ የነገረችኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላመንኩም።

ልጁ ጊሯን አገላብጦ አየ፤ ዝም ብሎ ግን አልቀዳትም። ጎዶሎዋን ብንቀዳ የሚወጣው ጎዶሎ ነው አለኝ። መጀመሪያ የጎደለውን ጥርስ ኢፖክሲ በሚባል ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ ሠራ። ሲደርቅ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች ጋር እያስተያየ በቀጭን ሞረድ አስተካከለው። ከዚያ ጊሯን ትንሽ ዕቃ ውስጥ አጣብቆ ሲሊኮን፣ ሲጠነክር እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፈሳሽ፣ አፈሰሰባት። ሲሊኮኑ ከማጠንከሪያው ጋር ተመዝኖ ይቀላቀላል፤ ሚዛኑ ወርቅ የሚመዘንበት ዓይነት ነው። ሲያፈስ ከፍ አድርጎ፣ እንደ ክር አቅጥኖ፣ ከአንድ ጥግ ነው። አረፋው እንዳይታፈን ነው አሉ።

የጥር ውርጭ ደግሞ ሲሊኮንንም ያሰንፋል። ቶሎ አይጠነክርም። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ አጠገቡ አስቀመጠና በጋቢ ሸፍኖ አሳደረው። እንደ አራስ!

ሲሊኮኑ እስኪቀላቀል ስንጫወት ነበር፣ «እትዬ፣ ሰምና ወርቅ የሚባለው ቅኔ ከዚሁ ሙያ እኮ ነው የወጣው» አለኝ። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ጭቃው ግን ዕቃው ሲወጣ ይሰበራል። የሲሊኮኑ ሞልድ ተለጥጦ ዕቃውን ይለቅና ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል።

በማግስቱ ሞልዱ ውስጥ ሬዚኑን፣ ሲደርቅ ፕላስቲክ የሚሆነውን ፈሳሽ፣ አፈሰሰ። መስኮቱን ከፍቶ፣ ጓንትና ማስክ አድርጎ። የመጀመሪያዋ ጊር ስትወጣ ለእኔ ዓይን እንከን አልነበራትም። እሱ ግን ጥርሷ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል አረፋ አየና ወረወራት። «ሥራ ላይ እዚህ ጋ ትሰበርብሻለች» አለ። ከዚያ ሦስት ደህና ደህናዎቹን ሠጠኝ፤ አንዷ ለማሽኗ፣ ሁለቱ ለክፉ ቀን። እንደ ፋብሪካው ዕድሜ እንደማይኖራቸውም ሳልጠይቀው ነገረኝ። የከፈልኩት ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ምሳ እምብዛም አይበልጥም።

በዚያው ሞቅ ብሎኝ የምድጃዬን ማብሪያና የፕሬሸር ኩከሬን ቫልቭም ይዤለት ሄድኩ። ሁለቱንም መለሰልኝ። ማብሪያውን ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ቫልቩ ደግሞ ሰው ይጎዳል አለ። ብሩን እሱም አይጠላም ነበር፤ ግን እምቢ አለ። ያኔ ነው ይበልጥ የወደድኩት።

የድሮ ካፖርት ቁልፍ የጠፋባችሁም ሂዱ። አንድ ቁልፍ ይዤ ሄጄ ስድስት ይዤ ተመልሻለሁ፤ ቀለሙን ሬዚኑ ውስጥ ነው የሚቀላቅለው። ቁልፍ ፊትም ጀርባም ስላለው ሞልዱ ሁለት ክፍል ነው፣ ትንሽ ቀን ይፈጃል።

ቀሚሶቹ ለከተራ ደረሱ። የኔ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ግን ስባሪውንም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የወለቀችውን ጥርስ ከክር ቁርጥራጭ ጋር ጠርጌ በመጣሌ ጥሩ አድርጎ ተቆጥቶኛል።