ለፎርድ ሬንጀር ያገለገለ ሊሚትድ ስሊፕ፦ የሬንጀሩ ወይስ የኤክስፕሎረሩ?

ከ1998 እስከ 2011 የተሠራ ሬንጀር ኖሯችሁ የኋላውን ዲፈረንሻል ወደ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ጉልበት ወደሚያደርሰው ዓይነት) መቀየር ካሰባችሁ፣ አሜሪካ ጃንክያርድ (የአሮጌ መኪና ዕቃ መሸጫ) ውስጥ የምታገኙት ባብዛኛው ከሁለት አንዱን ነው፤ ከሌላ ሬንጀር የወጣ ባለ 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል (ቁጥሩ የውስጡ ትልቁ ጥርስ ስፋት ነው)፣ ወይም ከ1995 እስከ 2001 ከተሠራ ኤክስፕሎረር የወጣ። ሁለቱም «8.8» ስለሚባሉ ብዙ ሰው ዋጋ ብቻ አይቶ ይገዛል። ልዩነቱ የሚገባው መኪናው ክሪክ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

በጥንካሬ የኤክስፕሎረሩ ይበልጣል። የጎማ ዘንጎቹ ባለ 31 ጥርስ ናቸው፤ የሬንጀሩ ባብዛኛው ባለ 28። ፍሬኑም ዲስክ ነው። ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። ኤክስፕሎረር ላይ አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ይቀመጣል፣ ሬንጀር ላይ ከባሌስትራው በታች። ስለዚህ የባሌስትራ መቀመጫው በሌላኛው ወገን እንደ አዲስ መበየድ አለበት። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት ማዕዘን ትንሽ ከተሳሳተ ሃይዌይ ላይ ይንቀጠቀጣል። የእጅ ፍሬን ገመዱና የፍሬን ቱቦውም ማስተካከያ ይፈልጋሉ። ባለ አራት በሩን የ2002ና ከዚያ ወዲህ ያለውን ኤክስፕሎረር ጭራሽ አትንኩት፤ የኋላ እግሩ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ አይገጥምም።

የሬንጀሩ ያለ ብየዳ ይገባል። የእናንተ ባለ 7.5 ኢንች ከሆነ ግን አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ኡ ቦልቶችና ሳህኖች አብራችሁ ውሰዱ፤ የዘንጉን ማያያዣም አስተያዩ። ፍሬኑ ባብዛኛው ታምቡር ነው፤ ለእኔ ባዶውን ለሚነዳ ትንሽ ፒክአፕ ዲስክ ብየዳ የሚያስገባ ምክንያት አይደለም። ትልልቅ ጎማ አድርጎ ድንጋይ ለሚወጣ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ የሚያምነው በያጅ ካለው ኤክስፕሎረሩን ይውሰድ።

የትኛውንም ብትመርጡ የጥርስ ሬሾው (ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንቴ እንደሚዞር) ይቀድማል። ፎር ባይ ፎር ከሆነ የፊቱና የኋላው ሬሾ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ፎር ባይ ፎር ስታስገቡ ሁለቱ ይጣላሉ። በኤክስፕሎረር የሾፌር በር ስቲከር ላይ «ዲ4» ማለት 3.73 ሬሾ ከነሊሚትድ ስሊፑ ነው። ዲፈረንሻሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ ካልወደቀች ደግሞ በቁጥሮቹ መሃል «ኤል» ፊደል ታገኛላችሁ።

ግን ስቲከሩ ሊሚትድ ስሊፕ መሆኑን እንጂ መሥራቱን አይነግርም። ትራክሎክ የተባለው የፎርድ ሊሚትድ ስሊፕ በፍሪሲዮን ሳህኖች የሚሠራ ነው፤ ሳህኖቹ ያልቃሉ፣ ሲያልቁ እንደ ተራው ዲፈረንሻል ይሆናል። ሁለቱን ጎማ አንስቶ አንዱን ማሽከርከር የሚታወቅ ፈተና ነው፤ ሌላኛው በተመሳሳይ አቅጣጫ ከዞረ ጥሩ። በተቃራኒ ከዞረ ወይ ተራ ነው ወይ ያለቀ፤ ክዳኑ ሲከፈት መሃሉ ላይ የኤስ ቅርጽ ያለው ስፕሪንግ ካለ ያለቀ ነው። መኪና ላይ እንዳለ ካገኛችሁት አንድ የኋላ ጎማ ብቻ አንሱ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ሌሎቹን ጎማዎች ደግፉና በቶርክ ሬንች አዙሩት። ከ20 ፉት ፓውንድ በታች ከዞረ ሳህኖቹ ደክመዋል።

ሻጩ ክዳኑን አላስከፍትም ካለ፣ ዋጋውን የተራ ዲፈረንሻል አድርጋችሁ ተከራከሩ፤ የአዲስ ሳህኖቹን ሂሳብም ከጎኑ ያዙ።