ኦፕንኤልዳፕ በሁለት ሰርቨር፦ የስምንት ወር ልምዴ

ቢሮአችን ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ቦታ ነው። ዋናው ጣና ዳር፣ ሌላው ከዓባይ ማዶ። መሃል ያለው መስመር ሲያሰኘው ይሠራል፣ ሲያሰኘው ይተኛል። ስለዚህ የሠራተኛው ስም፣ ስልክና ፓስወርድ የተመዘገበበት ዳይሬክተሪ ሁለቱም ጋ እንዲኖር ፈለግኩ። ለዚህ የሚሆነውን ኦፕንኤልዳፕ የተባለ ሶፍትዌር፣ ስሪት 2.6ን ጫንኩ። ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም አይንቀራፈፍም።

መጀመሪያ ሁለቱም ሰርቨሮች ለውጥ እንዲቀበሉ አደረግኩ፤ ማልቲ ማስተር የሚባለው። ሦስት ወር ሙሉ ኮሽታ የለም። እንዲያውም ጉራ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ። ማዶ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማሽኑ የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቶ ኖሮ፣ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ተነሣ። መስመሩም ስላልነበረ የሚያርመው አላገኘም። በዚያው ቀን አንዲት የፋይናንስ ክፍል እናት ፓስወርዳቸውን ቀየሩ። ኦፕንኤልዳፕ እያንዳንዱን ለውጥ ሲኤስኤን በሚባል ማኅተም ነው የሚለየው፣ የማኅተሙ መነሻ ደግሞ ሰዓት ነው። መስመሩ ሲመለስ ዋናው ሰርቨር ለውጡን አይቶ ያረጀ መስሎት አለፈው። እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣ ግን ከሁለት ቀን በኋላ የሥራ ጓደኛዬ በዋናው በኩል የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር አስተካከለ፣ ለውጥን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያደርሰው ተራው ሲንክሬፕል ደግሞ ስልኩን ብቻ ሳይሆን ሙሉ መዝገባቸውን ስለሚልክ የድሮውን ፓስወርድ ይዞ ሄዶ አዲሱ ላይ ጫነበት። "ልጄ፣ ረቡዕ የቀየርኩትን ማን መለሰብኝ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የተለወጠችውን ነገር ብቻ የሚልክ ዴልታ ሲንክሬፕል አለ። ለቀጭን መስመር ጥሩ ነው፣ ግን የለውጥ መዝገብ የሚይዝ ሌላ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ የተበላሸ ሰዓትንም አያድንም። የማይክሮሶፍቱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ግጭት ሲገጥመው ከሰዓት በፊት የለውጡን ተራ ቁጥር ያያል፣ ያውም ለእያንዳንዷ መስክ ለብቻ። በዚህ እቀናለሁ። እሱም ቢሆን ከርቤሮስ በሚባል የማንነት ማረጋገጫ ስለሚያስገባ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ ሰው አያስገባም፣ ሳይነካኩት ከተዉት።

አሁን ሚረር ሞድ ላይ ነኝ። ሁለቱም ሙሉ ቅጂ ይይዛሉ፣ ለውጥ የሚቀበለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ዋናው ከወደቀ በእጄ ወደ ማዶው አዞራለሁ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ መስመር ሲቆረጥ ማዶ ያሉት ይገባሉ እንጂ ፓስወርድ መቀየር አይችሉም። ይህን እችለዋለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በሲንክሬፕል ቅንብር ውስጥ ሪትራይ የሚለው ቦታ ላይ፣ መስመር ሲቆረጥ እንደገና የሚሞከርበትን ቁጥር ከወሰናችሁ ቁጥሩ ሲያልቅ ሰርቨሩ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። እኔ "60 +" ብዬዋለሁ፤ በየደቂቃው ሳይታክት ይሞክራል። በየማለዳው ደግሞ አንዲት ስክሪፕት የሁለቱን ኮንቴክስት ሲኤስኤን፣ ማለትም የመጨረሻውን ለውጥ ማኅተም፣ አወዳድራ ከተለያየ በቴሌግራም ትነግረኛለች። ባትሪዋንም ቀይሬአለሁ። እናታችን ግን እስካሁን ፓስወርድ በቀየሩ ቁጥር "ተመዘገበልኝ?" ብለው ይደውላሉ።